ሁለት መቶ ጆንያ የቻለው ጣሪያ፦ የኢንጂነር ሙጂብ አብዱልሃሚድ የሕይወት ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ኢንጂነር ሙጂብ አብዱልሃሚድ ከአባታቸው ከአቶ አብዱልሃሚድ ኑርዬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰልዋ ዑመር በ1943 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ መጋላ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ፣ እናታቸው የቅመም ነጋዴ ነበሩ። ከስድስት ልጆች አራተኛው ናቸው። እናታቸው በሕይወት ሳሉ እንደሚያወሩት፣ ሌሎቹ ልጆች ሲርባቸው እያለቀሱ ይመጣሉ፤ ሙጂብ ግን አልጋ ሥር ተጋድመው የአልጋውን ሽቦ ሲፈቱ ይገኛሉ። ለምሳ የሚጠሩት በእግራቸው ተጎትተው ነበር ይባላል።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው የእህታቸው ልጅ ዊዳድ ናት። ቀብሩ በሃይማኖታችን ሥርዓት በዕለቱ ስለተፈጸመ፣ ጽሑፉ ዛሬ በሦስተኛው ቀን፣ ሐርጌሳ ኮድቡር ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ልታጽናኑን ለተዕዚያ በተሰበሰባችሁበት ይነበባል፤ ታትሞም ድሬዳዋ ላሉ ዘመዶች ይላካል። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሟች ጥፋት አይነሳም፤ ነገሩ የታወቀ ነው። እሳቸው ግን ከመሞታቸው በፊት ዊዳድን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ «ስለ ጆንያዎቹ ካልተነበበ ሌላውም አይነበብ» ብለው አስምለዋታል። መሐላ ነውና ታገሱ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በድሬዳዋ አጠናቀው፣ በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው የሕንፃ ምሕንድስና ተማሩ፤ በ1965 ዓ.ም. ተመርቀውም በመንግሥት የመንገድ ሥራ ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ባሌና ሐረርጌ ውስጥ በብረት ገመድ የተንጠለጠሉ የእግረኛ ድልድዮች ሲሠሩ ኖረዋል። ድልድዮቹ ሰውን ከነአህያው፣ አህያውን ከነጭነቱ ያሻግራሉ። ከመካከላቸው የወደቀ የለም። ይህን እሳቸው አንድም ቀን አፋቸውን ሞልተው ተናግረውት አያውቁም፤ ከድሮ ባልደረቦቻቸው የተሰማ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፋይዛ ኢብራሂም ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም። ወይዘሮ ፋይዛ ተጫዋች ሴት ነበሩ፤ «የእኔ ባል እንግድነት ሲሄድ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው፣ ሰላም የሚለው ቀጥሎ ነው» እያሉ በሰው ፊት ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸውም አይክዱም፤ ቀና ብለው ጣሪያውን እያዩ ይስቁ ነበር።

ወደ ሐርጌሳ የመጡት በ1989 ዓ.ም. ነው። ያመጧቸውም አቶ ሮብሌ የሚባሉ በያጅ ነበሩ። አቶ ሮብሌ የሐርጌሳ ሰው ሲሆኑ ከተማቸው በጦርነት ስትፈርስ ተሰደው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዳሀቦ ጋር ድሬዳዋ ኖረዋል፤ ከኢንጂነሩ ጋርም በድልድይ ሥራ ላይ ተዋውቀዋል። አገራቸው ከገቡ በኋላ የብየዳ ዘንግ ሊገዙ ድሬዳዋ ብቅ ሲሉ እነ ኢንጂነር ሙጂብ ቤት ምሳ ቀረበላቸው፤ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ «ሙጂብ፣ ከተማችን ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ የለውም። ሰው በአራት ግድግዳ መሃል ላስቲክ ወጥሮ ይኖራል። አንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ ጡረታ ትቆጥራለህ» አሏቸው። ኢንጂነሩ ለስድስት ወር ብለው ወጡ። የተመለሱት ለለቅሶ ብቻ ነው።

አቶ ሮብሌ እንዳሉትም ሆኖ አገኙት። በጦርነቱ ጊዜ ያልፈረሰው ቤት ሁሉ ቆርቆሮውና እንጨቱ ተነቅሎ ተወስዷል። እንጨት ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ ዋጋው አይቀመስም። የብረት ገመድ ግን ሞልቷል። ከወደቡ አሮጌ ክሬኖችና ከተቃጠሉ የጭነት መኪናዎች ላይ የተፈታ ገመድ በየግቢው ተጠቅልሎ ይዝግ ነበር። ኢንጂነሩ አንዱን ጥቅል በእግራቸው ገፋ አድርገው ዙሪያውን ዞሩት፤ በማግስቱ ንድፍ ይዘው መጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገመዶቹ ልክ እንደ ልብስ ማስጫ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ረገብ ብለው ይዘረጋሉ፤ ላያቸው ላይ ስስ ቆርቆሮ ይታሰራል። ገመዶቹ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ስበው እንዳይጥሉት ደግሞ ጫፋቸው የሚታሰረው ግድግዳው አናት ላይ ዙሪያውን በተበየደ ወፍራም ብረት ላይ ነው። የጠርዝ ብረት ይሉታል። ምሰሶ የለው፣ ማገር የለው፤ ጣሪያው ተንጠልጥሎ ይቆማል።

በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ሰባት እንዲህ ያለ ጣሪያ ሠሩ። ሌሎች በያጆችም እያዩ አራት ጨመሩ። ገበያ፣ ጋራዥ፣ የእህል መጋዘን፣ መድረሳ፤ አሥራ አንዱም ቆመው ሰው ጥላ ሥር ገባ። ያ ዘመን የኢንጂነር ሙጂብ መልካም ዘመን ነበር። አማርኛ እያወሩ የሚሠሩት፣ ከአንድ ሳህን የሚበሉት፣ የሚከራከሩትም ከአቶ ሮብሌ ጋር ነው። ሱማልኛ ለመማር አልቸኮሉም፤ ምን ቸገራቸው፣ አቶ ሮብሌ አሉ።

አሁን ወደ ጆንያዎቹ እንመጣለን።

በ1994 ዓ.ም. እዚሁ ኮድቡር ላለ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ትልቁን ጣሪያ ሠሩ። ከዚያ በፊት ከሠሯቸው ሁሉ በእጥፍ ይሰፋ ነበር። ሰውም ስፋቱን አይቶ ፈራ። ኢንጂነሩ ፍርሃቱን ሊያወጡለት በአሸዋ የተሞሉ ሁለት መቶ ጆንያዎች አንድ በአንድ፣ ቀኑን ሙሉ፣ ጣሪያው ላይ አስደረደሩ። አሥር ቶን ነው። ጣሪያው ትንሽ ረገብ አለ፤ ገመዶቹ ተወጠሩ፤ ጠርዙም ንቅንቅ አላለም። ሦስት ሳምንት እንደተጫነ ቆመ። ሽማግሌዎች መጥተው አዩ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ኢንጂነሩንም መረቁ።

ምርቃቱ ሲቃረብ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጆንያዎቹ ይነሱልን አለ። አዳራሹ የእህል በረንዳ መሰለ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው አሉ። ኢንጂነር ሙጂብ ሒሳባቸውን ሠርተው ነበር፤ ነፋሱንም አስልተዋል። ያሰሉት ግን ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ እንደሚጫን ክብደት አድርገው ነው። ቅዳሜ ሰኔ 22 ቀን፣ ጣሪያው ላይ ቆመው ሳለ አቶ ሮብሌ፣ «ጆንያው ከተነሳ ጣሪያው ባዶ ነው። የሐጋ ነፋስ ድንገት ቢገባበትስ?» ብለው ጠየቋቸው። ሐጋ እዚህ አገር ከሰኔ ጀምሮ ብርቱ ነፋስ የሚነፍስበት ወቅት ነው። ኢንጂነር ሙጂብም፣ «ሁለት መቶ ጆንያ የቻለ ጣሪያ ነፋስ ያቅተዋል?» አሉ። ጆንያዎቹ በዚያው ቀን ወረዱ።

እንዲነበብ ያስማሉበት ቃል ይኸው ነው። ከአቶ ሮብሌ በቀር የሰማቸው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ሰኔ 24 ቀን፣ ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላት ሲወጣ አቶ ሮብሌ አንዲት የተላቀቀች ማሰሪያ ላጥብቅ ብለው ቀሩ። በሮቹ ገና አልተገጠሙም። ነፋሱ በበሩ ገብቶ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ አነሳው። ገመድ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ረገቡ። ነፋሱ ለቀቅ ሲያደርገው ጣሪያው ተመልሶ ወረደና ገመዶቹ ባንድ ቅጽበት ተመነጨቁ። አሥር ቶን በዝግታ ሲጫንበት ዝም ያለው የጠርዝ ብረት በዚያች ቅጽበት በጎኑ ታጠፈና ጣሪያውን ይዞ አቶ ሮብሌ ላይ ወደቀ። ከላይ የተጫነ ነገር ቢኖር ጣሪያው አይነሳም ነበር፤ ወይም ወደ መሬት የሚስብ ሁለተኛ ረድፍ ገመድ ቢታሰርለት አይነሳም ነበር። ሁለቱም አልነበሩም። አቶ ሮብሌ ከብረቱ ሥር ወጥተው መግሪብ ሳይደርስ አረፉ። አላህ ይማራቸው።

የሐርጌሳ ሰው በኢንጂነር ሙጂብ ላይ ቃል አልተናገረም። የአላህ ውሳኔ ነው፣ ነፋስን ማን ያዛል አሉ። በሦስተኛው ቀን ተዕዚያ ላይ ኢንጂነሩ ተነስተው በዚያ በተሰባበረ ሱማልኛቸው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲሉ፣ ሽማግሌዎቹ ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው፤ ሻይ ቀዱላቸው፤ ሐዘን ነው የሚያናግረው ተባባሉ። ደግመው ሲነሱም ደግመው አስቀመጧቸው። ደግነት ነበር። ነገር ግን እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደግነቱ ሰውየውን ገደላቸው።

ምክንያቱም አሥራ አንዱ ጣሪያዎች እንደቆሙ ናቸው። ሁለተኛ ገመድ አንዳቸውም የላቸውም። አብዛኞቹን ያቆያቸው ባለቤቶቹ ላያቸው ላይ የጣሏቸው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ነበር፤ ያ ደግሞ ለዓይን ያስቀይማል እየተባለ እየወረደ ነው። ኢንጂነር ሙጂብ በየባለቤቱ ደጅ ቆመው «ንድፉ ስህተት አለበት፣ ልሰረው» ሲሉ የሚያገኙት መልስ አንድ ነው፦ ያ በአላህ ፈቃድ ወደቀ፣ የእኛ በአላህ ፈቃድ ቆሟል። ጥፋት የለም ከተባለ የሚጠገንም የለም። አንድ ሰው «አዎ፣ ተሳስተሃል» ቢላቸው ኖሮ የቀረው ሁሉ ይቀል ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ኪሳቸው ውስጥ ክርና ዳዶ መያዝ የጀመሩት። የትም ሲቀመጡ፣ ሻይ ቤትም ሠርግ ቤትም፣ ያንን ትልቅ የብረት ዳዶ በስፌት ክር አስረው በዝግታ ያንጠለጥሉታል፤ ክሩ ይይዘዋል። ከዚያ ዳዶውን ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይለቁታል፤ ክሩ ጧ ብሎ ይበጠሳል። «ያው ዳዶ ነው፣ ያው ክር ነው። እኔ ይህን ረሳሁ» ይላሉ። ሐርጌሳ ደግሞ ቅጽል ስም ሳያወጣ የማያድር ከተማ ነው፤ «ኢንጂነር ዱን» አላቸው፣ ኢንጂነር ክር ማለት ነው። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው አይስቁም። ዳዶውን አንስተው፣ ክሩን ሰብስበው ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳሉ።

በዚህ ዓይነት አንዱን በማሳየት፣ አንዱን በመለመን፣ አንዱን በማሰልቸት ጣሪያዎቹን እያንዳንዳቸው ማሰር ጀመሩ። መሬት ውስጥ መልሕቅ ይቀብራሉ፤ ከጣሪያው ወደ ታች ገመድ ይስባሉ፤ እስኪወጠር ያጠብቃሉ። ለአንዱ ጣሪያ ፈቃድ ማግኘት ዓመት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ሥራውን የሚሠሩት ብቻቸውን ነው። ሌላ በያጅ ቀጥረው አያውቁም።

ወይዘሮ ፋይዛ ከድሬዳዋ በየሳምንቱ ይደውሉላቸው ነበር። መቼ ነው የምትመጣው ሲባሉ መልሳቸው ቁጥር ነው፦ ዘጠኝ ቀርቷል፣ ስምንት ቀርቷል። ወይዘሮዋም በመጨረሻ «መቼ ነው» ማለቱን ትተው «ስንት ቀረ» ማለት ጀመሩ። በ1999 ዓ.ም. ስድስት ቀርቶ ሳለ ወይዘሮ ፋይዛ በድንገተኛ ሕመም አረፉ። ኢንጂነሩ የደረሱት ከቀብሩ በኋላ ነው። ሰባት ቀን ተቀምጠው ተመለሱ። በዚህ የዘመድ ልብ ዛሬም ድረስ ቅሬታ አለ፤ ዊዳድም ብትሆን ቅሬታው አልነበረባትም ብላ አትዋሽም።

ዊዳድ ራሷ ወደ ሐርጌሳ የመጣችው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፈተች፤ እሳቸው ቤት ገባች። ያገኘችው ሰው ብቻውን መብላት የለመደ፣ ልክ ሲለካ ከራሱ ጋር በአማርኛ የሚነጋገር፣ ቁጥሩን ጠርቶ «አይደል ሮብሌ?» የሚል ሰው ነበር። ከሱቋ ክር መውሰድ ልማዳቸው ሆነ። ደህናውን ክር መርጠው ሲወስዱባት ትበሳጭ ነበር። አሁን ሱቁ ውስጥ ክሩ ሳይጎድል ሲያድር የሚሰማትን እዚህ ላይ መጻፍ አልቻለችም።

በየዒዱ ጠዋት አንድ የማያስቀሩት ነገር ነበራቸው። ከሶላት መልስ በቀጥታ ወይዘሮ ዳሀቦ ዘንድ ይሄዳሉ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው «አውፍ በይኝ» ይላሉ። ወይዘሮ ዳሀቦም ሁልጊዜ በሱማልኛ «ወላል፣ ምን አጠፋህና አውፍ ልበልህ? የአላህ ነው» ብለው ሻይ ያቀርቡላቸዋል። ወላል ወንድሜ ማለት ነው። ኢንጂነሩ ሻይውን ጠጥተው ይመለሳሉ፤ ቤት ገብተው የዒድ ልብሳቸውን ያወልቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ይወጣሉ። ሃያ ዓመት በዓመት ሁለት ጊዜ።

የመጨረሻው ጣሪያ አያሃ በሚባለው ሰፈር ነበር፣ የአቶ ኢጋል የቁርጥራጭ ብረት መጋዘን። አቶ ኢጋል ጠንካራ ሰው ናቸው፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል፣ ይህ ሲነበብ እንደማይቀየሙ ነግረውናል። «አሁን ይታሰር ካልኩ፣ እስከ ዛሬ ልጆቼን አደጋ ሥር አስቀምጬ ነበር ማለት ነው፤ ይህን አላምንም» ብለው ስምንት ዓመት አስቸገሩ። በ2010 ዓ.ም. መጋዘኑን በኮንክሪት ሊሠሩ ጣሪያውን አስፈቱት። ኢንጂነር ሙጂብ ማለዳ ሄደው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የመጨረሻው ገመድ እስኪወርድ ተመለከቱ። ቤት መጥተው እስከ ማግስቱ ቀትር ተኙ። ሲነሱ ዊዳድ፣ «አጎቴ፣ አሁንስ ድሬዳዋ ይግቡ፤ ጣሪያው አለቀ» አለቻቸው። «ጣሪያው አለቀ» አሉ። አልሄዱም። ወይዘሮ ዳሀቦ ቀርተዋላ።

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ደም ግፊታቸው ጨምሮ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ። ዳዶውን ማሰር አቃታቸው። ዊዳድ ስታስርላቸው ቋጠሮዋን እያዩ «ላላ» ይሉ ነበር፤ ልብስ ሰፊ መሆኗን እንኳ አያከብሩላትም። በተወለዱ በ72 ዓመታቸው፣ ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዓርብ መጋቢት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሱብሒ በኋላ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ጀናዛቸው ታጥቦና ተከፍኖ ከቤት ሊወጣ ሲል፣ የነበራችሁ አይታችኋል፣ ወይዘሮ ዳሀቦ ገቡ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። በሟች እግር አጠገብ ቆሙና በአማርኛ ተናገሩ። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃቸው በሱማልኛ ነው፤ አማርኛቸው ከድሬዳዋ ዘመናቸው ጋር የተቀበረ ይመስለን ነበር። እንዲህ አሉ፦

«ሙጂብ፣ ሮብሌ ያን ቅዳሜ ለምሳ ሲገባ ነግሮኝ ነበር። ‹ጆንያውን አስወረደው፤ እኔ ነፋሱን ፈርቻለሁ፤ እሱ ግን አልሰማኝም› ብሎኛል። ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። ያኔ አፌን ብከፍት ሽማግሌዎች ይቀመጡብህ ነበር። አንተ እዚህ ጎሳ የለህ፣ ወንድም የለህ፤ ማን ይቆምልህ ነበር? የአላህ ነው ያልኩት ለዚህ ነው። አንዴ ካልኩት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። አንተ በየዒዱ ትመጣለህ፣ እኔ በየዒዱ እዋሻለሁ። አሁን ልንገርህ። አጥፍተሃል። ባሌን ያሳጣኸኝ አንተ ነህ። አውፍ ብዬሃለሁ።»

ለድሬዳዋ ዘመዶች ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ይህን እንጨምራለን። በዚህ አገር ሰው በሰው ጥፋት ከሞተ ጉዳዩ የሁለት ሰው አይደለም፤ ጎሳ ለጎሳ ይቆማል፤ የአንዱን ሸክም ዘመዱ ሁሉ ይሸከምለታል። ኢንጂነር ሙጂብ ብቻቸውን ነበሩ። ወይዘሮ ዳሀቦ ብቸኝነታቸውን አይተው በዝምታ ጋረዷቸው፤ ያ ዝምታ ደግሞ ከሁሉም በላይ ብቻቸውን አስቀራቸው። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር እያወቁ፣ ሁለት መቶ ሜትር ተራርቀው እየኖሩ፣ ሃያ ዓመት ሻይ ሲጠጡበት ኖሩ። ዊዳድ ይህን ስትሰማ ከሞታቸው ይልቅ በዚህ አለቀሰች። የለመኑትን ቃል ያገኙት የሚሰማ ጆሯቸው ከተዘጋ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሐርጌሳ ተቀብረዋል። ልጅ አልተኩም። በሕይወት ያሉት እህታቸው፣ የዊዳድ እናት ወይዘሮ ኸይሪያ አብዱልሃሚድ በድሬዳዋ፣ ዊዳድ በሐርጌሳ፣ በሥጋ ባይዛመዱም ከዘመድ የሚቆጠሩት ወይዘሮ ዳሀቦም እዚሁ ኮድቡር ናቸው።

አላህ ለኢንጂነር ሙጂብ አብዱልሃሚድ፣ ለአቶ ሮብሌና ለወይዘሮ ፋይዛ ምሕረቱን ያውርድላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ብቻቸውን የነበሩትን በጀነት ያገናኛቸው። አሁን ዱዓው ሲጀመር እንደ ልማዱ ለሟች አውፍ በሉ ትባላላችሁ። ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናችኋል፦ «ምንም አላጠፉም» አትበሉ። አጥፍተዋል፣ አውፍ ብለናቸዋል በሉ።